ትንቢቱን የፈጸመው ወይስ ትንቢቱ የሠራው? ከ«ሞሮዊንድ» ጌም እስከ መቅደላ

የዚህን ጽሑፍ ርእስ ቀድመው ያዩ ጓደኞቼ «ጌም ደግሞ ምን ጥናት አለው?» ብለው ስቀውብኛል። እኔም ከአንድ ዓመት በፊት ብሆን አብሬያቸው እስቅ ነበር። ነገሩ የተጀመረው ለክረምት ዕረፍት መካነ ሰላም ቤተሰቦቼ ዘንድ በነበርኩበት ጊዜ ነው። የቦረናን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ ከተማዋን ሲሸፍናት በቀን መብራት ያስፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። መብራት ባለ ሰዓት እኔና የአጎቴ ልጅ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ተጥደን «ሞሮዊንድ» የሚባል ጌም ስንጫወት ከረምን። ስንጫወት ስል ስንከራከር ማለቴ ነው። ይህ ጽሑፍም የዚያ ክርክር ውጤት ነው።

ጌሙ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» ከተባሉት ተከታታይ ጌሞች ሦስተኛው ሲሆን ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው። አርጅቷል፤ ሥዕሉም ደብዘዝ ያለ ነው። ግን ያረጀ በመሆኑ ደካማ ማሽን ላይ ይሠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውስጡ መጻሕፍት አሉ። ቀልዴን አይደለም፤ ተጫዋቹ በየቤቱና በየዋሻው እያነሣ የሚያነባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትና ወረቀቶች ተጽፈውለታል። እኔን የያዘኝ የመጻሕፍቱ ጠባይ ነው፤ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሞሮዊንድ በምትባል አገር ሦስት ሕያዋን አማልክት ይመለካሉ፤ ቪቬክ፣ አልማሌክሲያና ሶታ ሲል ይባላሉ። ሕያዋን ስል በሰማይ ያሉ ማለቴ አይደለም። ከተማ አላቸው፣ ካህናት አሏቸው፣ ቪቬክን እንዲያውም ተጫዋቹ ራሱ ገብቶ ያነጋግረዋል። ታዲያ ሦስቱም ዱሮ እንደ ማንም ሰው ነበሩ። ነረቫር የሚባል ጀግና የጦር መሪ ነበራቸው፤ እነሱ አማካሪዎቹ ነበሩ፤ አልማሌክሲያ ደግሞ ሚስቱ ነበረች። ቀይ ተራራ በተባለ ቦታ ታላቅ ጦርነት ሆነና ነረቫር ሞተ። ከዚያ በኋላ ሦስቱ፣ ከተራራው ሥር ከተገኘ የአንድ ጥንታዊ አምላክ ልብ ኃይል ቀድተው አማልክት ሆኑ።

ነረቫርን ማን ገደለው? እዚህ ላይ ነው መጻሕፍቱ የሚጣሉት። የቤተ መቅደሱ ካህናት በጦርነቱ በደረሰበት ቁስል ሞተ ይላሉ። አሽላንደር የተባሉት፣ ድንኳናቸውን ይዘው ከቦታ ቦታ የሚዞሩት አርብቶ አደሮች ደግሞ የገደሉት ሦስቱ አማካሪዎቹ ናቸው፣ ለእሱ የማሉለትን መሐላ አፍርሰው ነው አምላክ የሆኑት ይላሉ። ቪቬክም ሲጠየቅ የራሱ መልስ አለው። ጌሙ የትኛው እውነት እንደሆነ እስከ መጨረሻው ቁርጥ አድርጎ አይነግርህም። ይህን አንድ ቀን ቡና ሲፈላ ለአያቴ ነገርኳት። «ሚስቱም አለችበት?» አለች። አሽላንደሮቹ እንደሚሉት አዎ አልኳት። «እንግዲያው እነሱን ነው የማምነው» ብላ ቡናዋን መቅዳት ቀጠለች።

በነዚሁ አሽላንደሮች ዘንድ ትንቢት አለ። ነረቫር ተመልሶ ይወለዳል፤ የሚወለድበት ቀን የተወሰነ፣ ወላጆቹ ግን በቅጡ የማይታወቁ ይሆናል፤ ሐሰተኞቹን አማልክትም ይሽራል። ተጫዋቹ የሚሆነው ሰው ከእስር የተፈታ ስም የለሽ ነው። የፈታውም አገሪቱን በግዛቱ ሥር ያደረገ የውጭ ንጉሠ ነገሥት ነው። ለምን ቢሉ ምልክቶቹ ስለተገጣጠሙለት! ንጉሠ ነገሥቱን ትንቢቱ እውነት ይሁን አይሁን ብዙም አያስጨንቀውም፤ ሕዝቡ የሚጠብቀውን ሰው በእጁ ማስገባቱ ይበቃዋል። የአሽላንደሮቹ አዋቂ ሴት ደግሞ ተጫዋቹን ስትመረምረው፣ አንተ እሱ አይደለህም፣ ግን እሱን ልትሆን ትችላለህ የሚል መልስ ነው የምትሰጠው። በኋላም አንድ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ከእሱ በፊት «የተባለው እኔ ነኝ» ብለው ተነሥተው ያልተሳካላቸውን ሰዎች መናፍስት ያገኛቸዋል። ያንን ዋሻ ያየሁ ዕለት እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን ይሆናል። ግን ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሳስብ ነው ያመሸሁት።

ወደ እሳቸው ከመሄዴ በፊት ስለ አማልክቱ ጥቂት ልበል። በፎክሎር ትምህርታችን ሐተታ ተፈጥሮን ከአፈ ታሪክ ለይተን ነው የምንማረው። የመጀመሪያው ስለ አማልክትና ስለ ዓለም አጀማመር ነው፤ ሁለተኛው ኖረዋል ስለሚባሉ ሰዎችና ስለሚታወቁ ቦታዎች ነው። «ሞሮዊንድ» ሁለቱን ያቀላቅላል፤ ሰው የነበረው አምላክ ይሆናልና። የአጎቴ ልጅ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ አምላክ ነው ያለው» ብሎ ተከራከረኝ። በእምነት ደረጃ ልክ ነው፤ ቄሱም ሼኩም ሌላውን ያወግዛሉ። ነገር ግን ዛር፣ ውቃቢ፣ ቆሌ፣ አድባር የሚሉትን ቃላት ሳይሰማ ያደገ የወሎ ልጅ ይኖራል? ስለ ዛር የሚነገረው ሐተታ ከየትኛውም ጌም አያንስም። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይባላል። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ ሲመጣ የሚያምሩትን አሥራ አምስቱን ደበቀች፤ የተደበቁት ተደብቀው ቀሩና ዛር ሆኑ። ዛሮች ወንድና ሴት፣ አለቃና ጭፍራ፣ ዘርና ትውልድ አላቸው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ ይህን ሁሉ ጽፎታል። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። ዛሩ ሽቶ ይጠይቃል፣ ቀለበት ይጠይቃል፣ ቀለሙ የተመረጠ ዶሮ ይጠይቃል፤ ሲከለከል ፈረሱን ያሳምማል።

«ሞሮዊንድ» ውስጥም ዴድራ የተባሉ ኃይላት አሉ። መቅደሳቸው ሄደህ ስትለምናቸው ሥራ ያዙሃል፤ ሥራውን ስትፈጽም የጦር ዕቃ ወይም ጌጥ ይሰጡሃል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ጌሙ ውስጥ ባለሟል ሆነህ አትራፊው አንተው ነህ። በዛር ላይ ግን ጋላቢው ሌላ ነው፣ አንተ ፈረስ ነህ። ይህ ነገር ስለ ጀግኖቹ ሳስብም አልለቀቀኝም። ትንቢትስ ሰው የሚጋልብ ነገር ይሆን እንዴ?

«ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ ተነሥቶ በፍትሕ እንደሚገዛ፣ በዘመኑም ሰላም እንደሚሆን ይተነብያል፤ ዘመኑ አርባ ዓመት ነው። ሕዝቡ ካሣ ኃይሉ ከመወለዱ ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ ይህን ስም ሲጠብቅ ኖሯል። በዘመነ መሳፍንት፣ ንጉሡ ጎንደር ላይ ስም ብቻ ሆኖ መኳንንቱ አገሩን ሲቀራመቱት፣ መጠበቁ ቢብስ አያስገርምም። ካሣ ደግሞ የቋራ ሰው ነው። ቋራ ከጎንደር በስተምዕራብ፣ የሱዳን ጠረፍ ነው። እንግዲህ ትንቢቱን ቃል በቃል ከወሰድነው ነገሩ እዚያው ላይ ማብቃት ነበረበት!

የወላጆቹ ነገርም አለ። ጠላቶቹ እናቱን ኮሶ ሻጭ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተና ራሱ ተማረከ፤ ካሣም ይህንኑ ኮሶ አስጠጣው ይባላል። ያ የተሰደበ ልጅ በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀቡ «ካሣ» የሚለው ስም ቀረ። ዘራቸውም ከዳዊትና ከሰሎሞን ይቆጠር ጀመር። (እስከ ንግሡ «አንተ»፣ ከዚያ ወዲህ «አንቱ» ማለቴ በስሕተት አይደለም፤ የዘመኑ ሰውም እንደዚሁ ነው ያደረገው።) «ቴዎድሮስ» የሚለውን ስም የመረጡት እሳቸው ናቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰው የንግሥ ስሙን ሲመርጥ ከአርባ ዓመት ሰላም ጋር፣ ከፍትሕ ጋር፣ ሕዝቡ ለዘመናት ካጠራቀመው ተስፋ ጋር ዕዳ ይገባል። አዋቂዋ ሴት እንዳለችው ነው፤ እሳቸው የተባለው ሰው አልነበሩም፣ ሊሆኑት ግን ተነሡ። ከአርባው ዓመት የተሳካላቸው አሥራ ሦስቱ ብቻ ነው።

መጻሕፍቱም እንደ ጌሙ መጻሕፍት ይጣላሉ። ስለ አፄ ቴዎድሮስ በዘመኑ ሰዎች የተጻፉት ዜና መዋዕሎች በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ መጻፋቸው ለትምህርት ክፍላችን ብዙ ጊዜ የሚነገር ጉዳይ ነው። አለቃ ዘነብ ንጉሡን ይወዳቸዋል፤ አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉትን ስናነብ ግን የምናገኘው ጭካኔያቸውን ነው። በኋላ ዘመን አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ፀጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት ንጉሡን አነሷቸው። ያ ትውልድ አንድ የሚያደርግ፣ ለባዕድ የማይንበረከክ መሪ ይፈልግ ስለነበር ያንን ቴዎድሮስ አገኘ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ያንኑ ነው፤ አልደብቅም።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በደጋው ወደ ሰሜን፣ በሳይንት አድርጎ ለሚሄድ ሰው አገሩ በሁለት ታላላቅ ገደሎች የታጠረ ነው፤ በስተምዕራብ ዓባይ አለ፣ በስተሰሜን ደግሞ ወደ ዓባይ የሚወርደው በሽሎ። መቅደላ ከበሽሎ ወዲህ፣ በእኛ በኩል ነው። አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ ዓመት ሳይሞላ ወሎን ዘምተው አምባውን በ1848 ዓ.ም መጀመሪያ ያዙት። ከዚያ በኋላ ምሽግ ሆነ፣ ግምጃ ቤት ሆነ፣ እስር ቤትም ሆነ። ወሎን ግን አንድ ጊዜ ዘምተው አልጨረሱትም፤ ደጋግመው ነው የተመለሱበት። የአገሩ ገዢዎች የወረ ሂማኖ ማመዶች ሙስሊሞች ነበሩ። ለነሱ «ፍካሬ ኢየሱስ» የተስፋ መጽሐፍ አልነበረም፤ ከበሽሎ ማዶ የሚመጣውም ሰው የሚጠብቁት ንጉሥ አልነበረም። አሽላንደሮቹ የሐሰት አማልክት የሚሏቸውን የቤተ መቅደሱ ሰው እንደሚሰግድላቸው ሁሉ፣ እዚህም ነገሩ ከየት ቆመህ ታያለህ ነው።

በዚያ ዘመን የወሎን አንድ ክፍል ትገዛ የነበረችው ወይዘሮ ወርቂት ነበረች። ልጇ መቅደላ ላይ የንጉሡ እስረኛ ነበር። በዚያው አምባ ላይ፣ አባቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ከሞቱ በኋላ ከሸዋ የተወሰደው ምኒልክ ያድግ ነበር። በሰኔ 1857 ዓ.ም ምኒልክ ሌሊት ከአምባው አምልጦ ወርቂት ግዛት ገባ። ወጣቱ ልዑል በእጇ ነው፤ ልጇ በንጉሡ እጅ ነው። ጌም ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ጨዋታው ቆሞ ተጫዋቹን «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር።

ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አፄ ቴዎድሮስ የምኒልክን ማምለጥ ሲሰሙ በቁጣ የወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉት፤ ከመቅደላ ገደል ተወረወሩ። ምኒልክ ሸዋ ገባ፣ በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ተቀባ። ወርቂት ግን ምን አሰበች? በዚህ ላይ ሁለት አባባል አለ። አንዱ፣ የተማጸናትን ልጅ አሳልፌ አልሰጥም ብላ የራሷን ልጅ መሥዋዕት አደረገች ይላል። ሌላው፣ ምኒልክን በልጇ ልትለውጠው አስባ ሳለ የልጇ ሞት ቀድሞ ደረሰላት፤ ከዚያ በኋላ ነው ምኒልክን ወደ ሸዋ የሸኘችው ይላል።

ከአጎቴ ልጅ ጋር ሦስት ቀን የተጣላነው በዚህ ነው። እሱ የመጀመሪያውን ነው የሚፈልገው፤ «ጀግና እንደዚያ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ሁለተኛው ያመዝንብኛል፤ ስላነሳት ሳይሆን ሰው ስላደረጋት ነው። ልጇን ለማዳን ያሰበች እናት ከጀግንነት ምን ይጎድላታል? እንዲያውም በሁለተኛው አባባል ክብደቱ ያለው ንጉሡ ላይ ነው። የወርቂትን ሐሳብ ለመስማት እንኳ አልጠበቁም። የፍትሕ ንጉሥ ስም የተሸከመ ሰው፣ ድርድሩ ሳይጀመር፣ የሰው ልጅ ገደል አስጣለ። አያቴ ጉዳዩን በዝምታ ከሰማች በኋላ የጠየቀችው ሌላ ነው። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር?» አለች። ሁለታችንም ጀግናው ማን እንደሆነ ስንከራከር እንጂ ስለ ልጁ አልጠየቅንም ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርስ፣ ብዙ ተጽፎበታልና። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲሰብር ንጉሡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተሰጣቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ወይዘሮ ወርቂትና ተቀናቃኟ ወይዘሮ መስተዋት ሁለቱም አምባው ለእኔ ይገባኛል አሉ። ጄኔራል ናፒየር ለዋግሹም ጎበዜ መስጠትን መረጠ፤ ያም ሳይሆን ቀረና መቅደላ ተቃጠለ። እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ፤ ልጃቸው ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ እንግሊዝ ገብቶ በ1872 ዓ.ም እዚያው ሞተ። ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ጸጉር በመጋቢት 2011 ዓ.ም ከለንደን ተመለሰ። «ሞሮዊንድ» ውስጥ ተጫዋቹ እውነተኛው ነረቫር መሆኑን የሚያስመሰክረው የጥንቱን ጀግና ቀለበት በጣቱ ሲያጠልቅ ነው። የቴዎድሮስን ጸጉር ዜና በቴሌቪዥን ሳይ፣ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ዝም ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ።

የእኛ ጀግኖች ጌም ውስጥ ገብተው አያውቁም የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። «ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2» በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የአፍሪካ ክፍሉ ዮዲትን ዋና ባለታሪክ አድርጓታል፤ ተጫዋቹ ከእሷ ወገን ሆኖ ነው የሚዋጋው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አጥፊ የምትባለዋ ሴት እዚያ ጀግና ናት። «ሲቪላይዜሽን 6» ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ምኒልክን አስገብቷል። ከመቅደላ ያመለጠው ልጅ ማለት ነው። ያሳለፈችው ሴት ግን የለችም።

ስለዚህ እኔና የአጎቴ ልጅ ክረምቱ ሳያልቅ በደብተር ላይ የራሳችንን መጻፍ ጀመርን። ኮምፒዩተር ፕሮግራም አንችልም፤ ታሪኩን ብቻ ነው። ተጫዋቹ ካሣን እንዲሆን አላደረግንም፣ ምኒልክንም አይደለም። የወርቂት መልእክተኛ ነው። ሰኔ ነው፣ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። በጉያው ለንጉሡ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ወደ መቅደላ ይገሰግሳል፤ አምባው ከሩቅ ይታያል፤ ልጁ በሕይወት ይኑር አይኑር ተጫዋቹ አያውቅም። እስከ አምባው በር ድረስ ጽፈነዋል። ደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ ግን እስካሁን አልተስማማንም።